ሲበላሽ ማን ይመጣል?

የዶርዜ ቤት እያጠረ የሚኖር ቤት ነው። አዲስ ሲተከል ቁመቱ ከአሥር ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጠለፋል፤ ላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት ይለበሳል። ከዚያ ምስጥ ሥራውን ይጀምራል። ከሥር እየበላ ሲመጣ ባለቤቱ የተበላውን ይቆርጣል፤ ቤቱም ስንዝር በስንዝር ወደ መሬት ይወርዳል። ቦታው አላመች ያለ ጊዜ መንደርተኛው ይጠራና ቤቱን እንዳለ በትከሻው ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። እንዲህ እያለ የሰው ዕድሜ ያህል ይቆያል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣ እንግዳ ይህን ቤት ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል፤ የዝሆን ግንባር መምሰሉንም አስጎብኚው ይነግረዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አበላሸቱ ነው። ቤቱ በምን እንደሚበላሽ፣ ሲበላሽም ማን እንደሚጠራ ገና ሲተከል የታወቀ ነው። ቀርከሃው ከጓሮ ይቆረጣል፣ ባለሙያው ጎረቤት ነው፣ ተሸካሚው መንደሩ ነው።

በመንግሥት ድጋፍ ወደ ጋሞ ለገቡት ንጹህ ቴክኖሎጂዎች፣ ለባዮጋዙ፣ ለማገዶ ቆጣቢው ምድጃ፣ ለፀሐይ ኃይሉ፣ ሽንትና ዓይነ ምድር ለሚለየው መጸዳጃ፣ የጎደላቸው ይኸው ነው ባይ ነኝ። የክልል መንግሥት ለዘላቂ ልማት ስላደረገው ድጋፍ ሲወራ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ተሠራ?» ነው። እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ ይዘን እንሂድ፦ ሲበላሽ ማን ይመጣል?

አስቀድሞ ነገሩ ለጋሞ ለምን እንደሚከብድ እንይ። ጋሞ ዳገትና ሐይቅ ነው። የጉጌ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ አባያና ጫሞ ከ1,200 ሜትር በታች ተኝተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አጭር ስለሆነ ላይ የተቆረጠው ዛፍ ታች ይቆጠራል። ዝናቡ የደጋውን አፈር አጥቦ በሐሬና በባሶ ወንዞች ወደ አባያ፣ በኩልፎና በሲሌ ወደ ጫሞ ያወርደዋል። አባያ ቀይ ቡናማ መልክ የያዘው በውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ በቀረው ደቃቅ አፈር ነው። በላንቴና በጫኖ የሙዝ ማሳ ያለው ገበሬ ደግሞ ይህን አፈር በሥዕል አያውቀውም፤ የመስኖ ቦዩ በደለል ሲሞላ አካፋ ይዞ የሚወርደው እሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሙዝ ገዝቶ የሚበላ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚበላው የዚህን ቦይ ውሃ ነው።

ማገዶውም ከዚሁ መሬት ይቀዳል። የአገሪቱ የኃይል ፍጆታ 90 በመቶ የሚጠጋው ዛሬም ከእንጨት፣ ከከሰል፣ ከኩበትና ከሰብል ተረፈ ምርት ነው። አርባ ምንጭ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች ከሚፈልቁበት ጫካና ከነጭ ሳር ፓርክ ዳርቻ ወገባቸው እስኪጎብጥ ማገዶ ተሸክመው ወደ ሲቀላ ሰፈር የሚገቡ ሴቶችን ያላየ የከተማው ሰው የለም። በዚሁ ክልል ከወላይታ ጎን፣ በኦሞ ወንዝ ላይ፣ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ግድቡ ቅርብ ነው፤ ምጣዱ ግን ገና እሩቅ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎረቤት ጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ተራራው ተንዶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲቀብር ያየን ሰዎች ስለ ዳገት፣ ስለ ዛፍና ስለ አፈር የሚወራውን እንደ ስብሰባ ወሬ ልናልፈው አንችልም።

አሁን «የክልል መንግሥት ድጋፍ» የሚባለው ምን እንደሆነ እንለይ። የኤሌክትሪክ ታሪፍ፣ ዋናው የኃይል መስመር፣ የጉምሩክ ቀረጥ፣ የውጭ ምንዛሪ የፌዴራል ናቸው። የፀሐይ ፓኔል በስንት እንደሚገባ፣ ነዳጅ መኪና ይግባ አይግባ፣ አርባ ምንጭ ላይ አይወሰንም። ክልሉ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52 የራሱን የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ልማት ፖሊሲ የማውጣት፣ መሬትና የተፈጥሮ ሀብትን በፌዴራል ሕግ መሠረት የማስተዳደር ሥልጣን አለው። በእጁ ያሉት መሣሪያዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ተራ ናቸው፦ የወረዳ ባለሙያ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ማደራጃ፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ ድሮ ኦሞ ማይክሮ ፋይናንስ ይባል የነበረው የዛሬው ኦሞ ባንክ። ሪባን የሚቆረጥባቸው አይደሉም። አንድ የባዮጋዝ ማብላያ በአምስተኛ ዓመቱ ይሠራል አይሠራም የሚለውን የሚወስኑት ግን እነዚህ ናቸው።

በዚህ ላይ የአደረጃጀት ጣጣ አለ። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ከዚያ የሰሜን ኦሞ ዞን፣ ከዚያ የጋሞ ጎፋ ዞን፣ አሁን ደግሞ የጋሞ ዞን መቀመጫ ሆነች። ከላይ ያለውም እንዲሁ ተለዋወጠ። ደቡብ ክልል ከሐዋሳ ሲመራ ቆይቶ በ2012 ሲዳማ፣ በ2014 ደቡብ ምዕራብ ወጡ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ቀሪው ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተወለደ፤ መቀመጫዎቹም በተለያዩ ከተሞች ተደለደሉ፣ አርባ ምንጭም አንዷ ሆነች። የራስን አስተዳደር ወደ ደጅ ማቅረብ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን መሥሪያ ቤት ሲከፈል የሚቆጠረው መኪና፣ ወንበርና ኮምፒውተር ነው። የትኛው ቀበሌ ውስጥ የትኛው ማብላያ በየትኛው ግንበኛ እንደተሠራ የሚያውቀው ሰው በየትኛውም የንብረት ርክክብ ቅጽ ላይ አይሰፍርም።

ወደ ባዮጋዙ እንግባ፤ ነገሩ በደንብ የሚታየው እዚያ ነው።

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር በአራት ክልሎች ነበር፦ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ። የሚሠራው ማብላያ ከኔፓል የመጣ ንድፍ ላይ ተሻሽሎ «ስንዱ» የተባለ፣ ከመሬት በታች የሚቀበር፣ ጣሪያው እንደ ጉልላት የተደፋ ግንብ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። እበትና ውሃ እኩል በእኩል ይደባለቃል፣ በቱቦ ወደ ግንቡ ይገባል፣ አየር በሌለበት ሲብላላ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ከጉልላቱ ሥር ይጠራቀማል፣ በቧንቧ ወደ ምድጃና ወደ መብራት ይሄዳል። የተብላላው ጭቃ በሌላ ወገን ወጥቶ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል። መንግሥትና ለጋሾች ከወጪው ከፊሉን ይደጉማሉ፤ ገበሬው ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት ያዋጣል፤ ለቀሪው ብድር ይፈልጋል።

በቤተሰብ ደረጃ የተለመደው 6 ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን ከ30 እስከ 45 ኪሎ እበት ይፈልጋል። ይህን ለማግኘት በረት ውስጥ የሚያድሩ ቢያንስ አራት ከብቶች ያስፈልጋሉ። ውሃውም እኩል ነውና በየቀኑ ሁለት ጀሪካን። እበቱን የሚዝቀው፣ ውሃውን የሚቀዳው፣ ገንዳው ውስጥ የሚያማስለው ማን ነው? በአብዛኛው ቤት እናትና ልጆች። ውሉን የሚፈርመው ግን አባወራው ነው። ምንጩ ሩቅ ከሆነ ባዮጋዙ የማገዶውን ሸክም በውሃ ሸክም ለውጦ ቁጭ ይላል፤ ይህን የማይጠይቅ መልማይ ለዕቅዱ ቁጥር እንጂ ለቤቱ ምድጃ አላሰበም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአርባ ምንጭ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አንድ ጓሮ ገብቼ ነበር። ማብላያው አለ፣ መግቢያ ገንዳው አለ። ገንዳው ውስጥ ገለባ ተነጥፎ ዶሮ ታቅፋለች። ባለቤቱ ሳቄን አይተው እሳቸውም ሳቁ።

«ጋሼ፣ ካቆመ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሁለት ክረምት አለፈው።»

«ምን ሆኖ?»

«ኧረ ምንም አልሆነ፤ ጎማዋ ናት እንጂ፣ ልጄ።»

ወደ ማጀት አስገብተው አሳዩኝ። ከግድግዳው ከወጣው ቧንቧ እስከ ምድጃው የምትደርስ አንድ ክንድ የማትሞላ የላስቲክ ጎማ በሙቀት ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። የሠራላቸው ልጅ ጋ ቢደውሉ ስልኩ አይሠራም፤ ወረዳ ቢሄዱ ባለሙያው ተዛውሯል፤ ገበያ ወርደው ቢጠይቁ የውሃ ጎማ ሸጡላቸው፤ በእሱም ጋዙ እየሾለከ ሸተታቸው። ልጅ ላለበት ቤት አደጋ ነው ብለው ቁልፉን ዘጉ፣ እበት ማስገባቱንም ተዉት። ጭቃው ውስጥ ደረቀ። ከዚያ በኋላ ጎማው ቢገኝ እንኳ ማብላያውን ማጽዳትና እንደ አዲስ መሙላት ሊጠየቅ ነው። ሃያ ዓመት እንዲያገለግል የተገነባ ግንብ አንድ ክንድ ጎማ አጥቶ የዶሮ ቤት ሆነ።

እዚህ ላይ ማንንም ለመክሰስ አልፈልግም፤ በማንም ሪፖርት ላይ ይህ ቤት ውሸት አይደለም። «የተገነባ ማብላያ፦ አንድ» ተብሎ ተጽፏል፣ ተገንብቷልም። ባለሙያው የሚመዘነው በዓመቱ በተሠራው ብዛት ነው። ለጋሹም የሚከፍለው ለተሠራው ነው። ጎማ ለመቀየር በሞተር ሳይክል ስድሳ ኪሎ ሜትር ለሄደ ሰው በየትኛውም የምዘና ቅጽ ላይ ነጥብ የለም፤ ነዳጁንም ከኪሱ ነው የሚሞላው።

ወደ ደጋው ስንወጣ ሌላ ነገር ይመጣል። ባዮጋዝን የሚሠሩት ደቂቅ ሕዋሳት ሙቀት ይወዳሉ፤ ብርድ ሲሆን ይዘገያሉ። ቆላው ላይ በደንብ የሚነድ ማብላያ ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው የጨንቻ ብርድ ውስጥ ያንኑ ያህል እበት በልቶ ያነሰ ጋዝ ይሰጣል። ከዚህ የሚበልጠው ደግሞ የእንሰት ጉዳይ ነው። በጋሞ ደጋ እበት ትርፍ ነገር አይደለም፤ ከቤት ጀርባ ያለው የእንሰት ጓሮ በዘመናት የተመገበው በእሱ ነው። ገበሬዋን «እበትሽን ለግንብ ስጪ» ማለት «እንሰትሽን አስርቢ» ማለት ይመስላታል። መልስ የለውም ማለት አይደለም፤ ከማብላያው የሚወጣው ጭቃ ማዳበሪያነቱን አያጣም፣ እንዲያውም ተክሉ ቶሎ ይጠቀምበታል። ግን ይህን ማስረዳት የአንድ ቀን ሥልጠና ሥራ አይደለም። ጎረቤት ጓሮ ላይ ሁለት የእንሰት ረድፍ፣ አንዱን በእበት ሌላውን በጭቃ አሳድጎ ማሳየት ይፈልጋል። እንሰት ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይወስዳል። ታዲያ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት የእንሰትን ውጤት ሳያይ ይዘጋል!

ምድጃውን በአጭሩ ልለፈው። «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ በአገር ውስጥ ባለሙያዎች የተሠራ፣ ሲሚንቶና የእሳተ ገሞራ አሸዋ ተቀላቅሎ በሞልድ የሚወጣ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ የሚቀንስ ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ስሙ ላይ ነው፤ የእንጀራ ነው። ዕለታዊ ምግቡ በአብዛኛው በድስት የሚበስልበት የደጋ ቤት ማገዶውን የሚጨርሰው በድስቱ ሥር ነው። ለአዲስ አበባና ለጎንደር ማጀት የታሰበ ነገር በኮታ ወደ ጋሞ ደጋ ሲላክ ምድጃው ይታደላል፣ ጉልቻው ግን ከቦታው አይነቃነቅም። የፀሐይ ኃይልም የራሱ ጎማ አለው፤ ፓኔሉ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ ባትሪው ግን በሦስት በአራት ዓመት ይሞታል። ጣሪያው ላይ የሚያብረቀርቅ ፓኔል አይተን «መብራት አለ» ብለን ያለፍንበት ጤና ኬላ ማታ ሻማ የሚያበራ ሊሆን ይችላል።

አርባ ምንጭ ከተማ ግን በዚህ ረገድ ከአገሪቱ ከተሞች የተለየ ታሪክ አላት፤ በቂ ሰውም አያውቀውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት የምርምር ገንዘብ «ሮዛ» የተባለ ፕሮጀክት በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ተካሂዶ ነበር፦ በኬንያ ናኩሩ፣ በታንዛኒያ አሩሻ፣ በኡጋንዳ ኪትጉምና በእኛዋ አርባ ምንጭ። ሐሳቡ ቆሻሻ የሚባለውን ወደ ማሳ መመለስ ነው። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲና የከተማው ውሃ አገልግሎት አብረው ሠሩበት። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተቋቋመ ነውና ሙያው ከቤቱ ነበር።

ከተሞከሩት አንዱ ሽንትንና ዓይነ ምድርን ገና ከመቀመጫው የሚለይ ደረቅ መጸዳጃ ነው። ሽንቱ በፊት በኩል ባለው ቀዳዳ ወደ ጀሪካን ይወርዳል፤ ተዘግቶ ከከረመ በኋላ በውሃ ተበርዞ ናይትሮጅን ያለው ማዳበሪያ ይሆናል። ዓይነ ምድሩ በኋላ በኩል ወደ ደረቅ ክፍል ይወርዳል፤ ሁልጊዜ አመድ ይነሰነስበታል። ክፍሉ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሞላ ይዘጋና ሌላው ይከፈታል፤ የተዘጋው ወራት ቆይቶ ሲደርቅ ሽታውም አደጋውም ይቀንሳል። ጉድጓድ አያስፈልገውም። ድንጋይ ለመቆፈር ለሚያስቸግርበት ሰፈርም፣ ውሃው ቅርብ ሆኖ ጉድጓዱ ለሚናድበት ሰፈርም የታሰበ ነው። ቀለል ያለውም ተሞክሯል፦ አጭር ጉድጓድ ተቆፍሮ ሲሞላ ቤቱ ይነሣና በላዩ ዛፍ ይተከላል። ሙዝና ማንጎ በሚበቅልበት አገር ይህ ለማስረዳት ብዙ ንግግር አይፈልግም።

በዚያው ጊዜ «እኛን ነው ማየት» የተባለ የወጣቶች ማኅበር የቤት ደረቅ ቆሻሻ እየሰበሰበ ኮምፖስት ያመርት ነበር። ስሙን እወደዋለሁ፤ ሥራ የሌለው ወጣት ለመንደሩም ለባለሥልጣኑም የሚናገረው ነገር ሁሉ በሦስት ቃል አልቋል።

አሁን ጥያቄያችንን እናምጣ። ጀሪካኑ ሲሞላ ማን ይወስደዋል? ጓሮ ያለው ሰው ለራሱ ይጠቀማል፤ ኪራይ ቤት የሚኖረው ግን የት ይደፋዋል? ከሴቻ ሰፈር ጀሪካን ሰብስቦ እስከ ሙዝ ማሳው የሚያደርስ ጋሪ፣ የጋሪው ደመወዝ፣ ገዝቶ የሚጠቀም ገበሬ፣ ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ነው መጸዳጃው ቴክኖሎጂ የሚሆነው። አንዱ ሲጎድል ለመልመድ ያስቸገረ ሽንት ቤት ሆኖ ይቀራል። ኮምፖስትም እንደዚያው ነው፤ ከብዶ የሚጓጓዝ ነገር ነውና አፈሩ የተራበው ደጋ ድረስ ለማውጣት የመኪናው ኪራይ ከጆንያው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ፕሮጀክት እስካለ ድረስ ይህን ክፍተት ፕሮጀክቱ ይሞላዋል። ከዚያ በኋላ የሚሞላው ማዘጋጃ ቤት ካልሆነ ማንም የለም።

ቀጥሎ ከ2011 እስከ 2014 (አሁንም እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር) «ክላራ» የተባለ ሌላ የምርምር ሥራ መጣ። ከሱ የወጣው ነገር መጸዳጃም ማብላያም አልነበረም፤ ማስሊያ ነበር። አንድ ከተማ የውሃ ወይም የፍሳሽ ሥርዓት ለመምረጥ ሲያስብ የግንባታውን ዋጋ ብቻ እንዳያይ፣ በየዓመቱ የሚወጣውን የማስኬጃና የጥገና ወጪ፣ ዕድሜው ሲያልቅ የሚተካበትንም አብሮ እንዲያሰላ የሚያስችል። ከተሠራባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ፣ በኢትዮጵያም አርባ ምንጭ ነበረች። ማለትም «ሲበላሽ ማን ይመጣል፣ በስንትስ ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ከአሥር ዓመት በፊት በዚችው ከተማ በሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ ክልል ቀይረናል።

በሌላ በኩል ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ሲሄዱ በስተመጨረሻ ሁምቦ አለ። ተራራው ድሮ የተራቆተ ነበር። ዓለም አቀፉ ወርልድ ቪዥን፣ የዓለም ባንክና የያኔው ደቡብ ክልል በገቡበት ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት ተከልሎ ደኑ እንዲያገግም ተደረገ። በአብዛኛው ችግኝ አልተተከለም፤ መሬት ውስጥ የቀረው የዛፍ ሥር እንዲያቆጠቁጥ ተጠበቀ፣ ቅርንጫፉ ተመረጠ፣ ከብት ተከለከለ። በ2002 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካ ትልቅ ከሚባሉት የደን ሥራዎች የመጀመሪያው ሆነ። በ30 ዓመት 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ የተሰላ ሲሆን፣ 165,000 ቶኑን የዓለም ባንክ ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ።

ሁምቦ ከጓሮው ማብላያ በምን ተለየ? በሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሰባት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብት በሰነድ ተሰጣቸው። ይህን መስጠት የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው፤ የክልል ድጋፍ ማለት በእኔ አመለካከት ከማንኛውም ዕርዳታ በላይ ይህ ወረቀት ነው። ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የሚመጣው ደኑ ቆሞ ሲገኝ ነው። መጥተው ይለካሉ፤ ካለ ይከፈላል፤ ከሌለ አይከፈልም። የመጀመሪያውን ቀን ፎቶ የሚገዛ የለም። ስለዚህ ጠባቂው እንዲጠብቅ፣ ማኅበሩ እንዲሰበሰብ፣ ባለሙያው እንዲመላለስ ምክንያት አላቸው። የካርቦን ገበያ ራሱ ብዙ ነቀፋ የሚነሣበት ነገር ነው፤ ዋጋው ይዋዥቃል፣ ሀብታም አገሮች በእሱ ጥላ ሥር የራሳቸውን ጭስ ይሸፍናሉ የሚሉም አሉ፣ አይሳሳቱም። ለኛ ጉዳይ ግን የክፍያው አሠራር ትምህርት አለው።

ይህን ወደ ባዮጋዙ ብናመጣውስ? ዛሬ ድጎማው ግንቡ ሲጠናቀቅ ያልቃል። ከዚያ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ቢያዝና ለግንበኛው በሁለተኛውና በአራተኛው ዓመት ማብላያው ሲነድ ቢገኝ ቢከፈለው፣ ያ ልጅ ስልኩን አይቀይርም፤ ቢቀይርም አዲሱን ቁጥር ራሱ ይዞ ይመጣል። አዲስ በጀት አይፈልግም፤ ያለውን በሌላ ቀን መክፈል ነው። ጎማና ቁልፍ፣ የመብራት መረብና ባትሪ የሚሸጥ አንድ ሱቅ በየወረዳው ገበያ እንዲኖር ማድረግም ከክልሉ አቅም በላይ አይደለም። ጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራትን ለኮብልስቶን አደራጅተናል፣ ለብሎኬት አደራጅተናል፤ ለጥገና ለምን አናደራጅም? የቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ ተማሪ ለምዘና አዲስ ነገር ሠርቶ ከሚያቀርብ በየቀበሌው የቆመውን ፓምፕ፣ የደረቀውን ማብላያ አስነሥቶ ቢመዘን እኔ የተሻለውን ነጥብ እሰጠዋለሁ።

የሚመጣውን መልስ አውቀዋለሁ። የክልሉ ገቢ አብዛኛው ከፌዴራል ድጎማ ነው፤ ከዚያም የሚበዛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ ለነዳጅና ለውሎ አበል የሚተርፈው ትንሽ ነው። እውነት ነው። ግን በትንሽ ገንዘብ የሚያስተዳድር ቤት ነው አሮጌውን ጠግኖ የሚለብሰው። የጋሞ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ ሸማኔ ነው። የደጋው እርከንም ከትውልድ ወደ ትውልድ የደረሰው ድንጋዩ በወደቀ ቁጥር ባለማሳው ቆሞ የማንን በጀት ሳይጠብቅ ስለመለሰው ነው። ለቦዩም ደለሉን ለመጥረግ ደቦ ይጠራል። ይህ ልማድ ባለበት አገር የጠፋው የጥገና ባህል አይደለም፤ ከከተማ የመጣው ዕቃ የማን እንደሆነ ግልጽ አለመሆኑ ነው። «የመንግሥት ነው» የተባለ ግንብ ሲሰነጠቅ መንግሥት ይጠበቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን መቁጠር አለ። አዲሱ ክልል ከአሮጌው የወረሰውን ማብላያ፣ የፀሐይ ፓምፕ፣ ምድጃና መጸዳጃ ቤት ለቤት አስቆጥሮ አያውቅ ከሆነ ከጋሞ ዞን ይጀምር። ዩኒቨርሲቲው ደጁ ላይ ነው፤ ተማሪ አለው፣ ማስሊያውም በእጁ አለ፤ አንድ የክረምት ወር ይበቃል። በቅጹ ላይ «የተሠራ» የሚለው ዓምድ ይቆይ። ከጎኑ «ዛሬ የሚሠራ» የሚል ሌላ ዓምድ ይጨመር፤ የጋሼም ማብላያ፣ ከነዶሮዋ፣ እዚያ ዓምድ ውስጥ «አይ» ተብሎ ይጻፍ።